ከገጽ አርባ ሰባት የሚጀምረው ወጥ

መጽሐፉን ያገኘሁት ለውዝ ስበላ ነው።

እናቴን ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ አሳፍሬ ሸሕዲ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። የዓይኗን ሞራ ልታስገፍፍ እህቷ ዘንድ መሄዷ ነው። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን ከሄደ በኋላ፣ ወደ ኮኪት የሚመልሰኝ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ከአጥሩ ሥር ከምትቸረችር ሴትዮ ለውዝ ገዝቼ መቀመጫዬን ያዝኩ። ለውዙን ጨርሼ መጠቅለያውን ልጥል ስል ጽሑፍ አየሁበት። እኔ ደግሞ ጽሑፍ ካየሁ ማለፍ አልችልም፤ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን እንኳ አነባለሁ። «ሽንኩርቱን መልኩ እስኪለወጥ ድረስ ያለ ዘይት በዝግታ ያቁላሉት። አይቸኩሉ። የወጡ ነፍስ ያለችው» ይላል። ከዚያ ወረቀቱ ተቀዷል።

የት ነው ያለችው ነፍሷ? ረዳቱ «ኮኪት! ኮኪት! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጮህ እኔ ወረድኩ። ሁለት ሰው የቀረው ሆነ። የስድቡን ነገር ተዉት።

«እታለም፣ የዚህ ቀሪው የት አለ?» አልኳት ለውዝ ሻጯን።

«የምኑ? የለውዙ?»

«የወረቀቱ።»

ፈንቴ ነበር ስሟ፤ ጎረቤቷ ስትጠራት ሰማሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ከቅርጫቷ ሥር መጽሐፍ አወጣች። ሽፋን የለውም፤ ከፊቱም ብዙው ተገንጥሏል። «ይኸው። ወረቀቱ ወፈር ያለ ስለሆነ እወደዋለሁ። ከፈለግህ ገጽ በገጽ ከነለውዙ እሸጥልሃለሁ።»

«ሙሉውን ስጪኝ።»

«እኔስ በምን ልጠቅልል? በእጃቸው ላፍስላቸው?»

ከጎኗ ካለው ሱቅ አዲስ ደብተር ገዝቼ በመጽሐፉ ተለዋወጥን። ደብተሩን ገልጣ ገልጣ አየችና «ምንም ያልተጻፈበት እኮ ነው!» አለች። ያታለለችኝ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። እኔም ያታለልኳት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ገበያ ሁልጊዜ አይገኝም።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከገጽ አርባ ሰባት ነው። የመጀመሪያው መስመር «...ከዚያም ክዳኑን ገጥመው ይተዉት» ይላል። ምን ውስጥ ምን እንደተከደነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ግን እስከ ኮኪት ድረስ ያንን ድስት ሳስበው መጣሁ፤ አንድ ቦታ ላይ እስካሁን ተከድኖ የሚጠብቅ ድስት።

የወጥ መጽሐፍ ምን አደርግልሃለሁ ብሎኝ ነው? ነገሩ እናቴ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ የተናገረችው ነው። «ታጠቄ፣ የሰኔ ሚካኤል የእኛ ተራ ነበር። ለዙፋን ንገራት። እኔ ከሌለሁ ምን ይደረጋል... ለሌላ ሰው ይስጡት» አለችና ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች። ለሌላ ይስጡት ያለችው ቦታዋን ነው።

የማኅበራችን ደንብ እንዲህ ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን የሚካኤል ዝክር ባንዱ ቤት ይዘከራል፤ የዚያን ቀን ጽዋውን ያነሣ ሰው የሚመጣውን ወር ይደግሳል። እንጀራና ጠላ ገዝቶ ማቅረብ ይቻላል። ወጡና ዳቦው ግን ከደጋሹ ቤት፣ በቤተሰቡ እጅ ተሠርቶ መውጣት አለበት። አንድ ጊዜ አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ከሆቴል ወጥ አስመጥቶ ያቀረበው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል፤ ሰውየው አገር ለቆ ሄዷል፣ ወሬው ግን እዚሁ አለ። ተራው ደርሶ ያልደገሰ ቦታውን ይለቃል። ቦታ የሚጠብቅ ደግሞ ሞልቷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኤልሳቤጥ ብቻዋን ስንት ጊዜ ጠይቃለች።

እናቴ ከዚህ ማኅበር ሌላ ኮኪት ውስጥ ምን አላት? አባቴ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ከደጋ ይዟት ወርዶ እዚሁ ሲሞትባት፣ ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። አልቅሰው አብረዋት የከረሙት እነሱ ናቸው። ወር አልፎ አሥራ ሁለት ሲደርስ ነጠላዋን ስታጥብ፣ ፀጉሯን ስትሠራ ነው የማያት። እኔ አለሁ እርግጥ፤ ግን እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ቀን ቀን በቆርቆሮ ኪዮስኬ ውስጥ የሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ዘፈን እጭናለሁ፤ ማታ ሩፊዳ ቤት ፉል በልቼ እገባለሁ። ወጥ ቤት የሚባለውን የማውቀው በበሩ በኩል ነው።

የግንቦት ሚካኤል ዝክር ላይ እናቴን ተክቼ ሄድኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ እትዬ ዙፋን ናቸው። እትዬ ዙፋን ሲቆጡም ሲያመሰግኑም ድምፃቸው አንድ ነው። ከመብሉ በኋላ ጽዋውን ከፊታቸው አቁመው ቤቱን ቃኙ።

«እንግዲህ ወለተሥላሴ የለችም። እግዜር ብርሃኗን ይመልስላት። ጽዋውን የሚያነሣ ከሌለ...»

«እኔ አነሣለሁ» አለ አንድ ሰው። ዘወር ብዬ ማን እንደሆነ ላይ ስል ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ወጡንስ ማን ይሠራዋል፣ የኔ ልጅ? ሚስት አገባህ እንዴ ሳንሰማ?»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። «እኔው እሠራለሁ» አልኩ።

«ታጠቅ፣ ሽንኩርት ልጠህ ታውቃለህ?» አሉ አንድ አዛውንት ከወዲያ ማዶ።

«መጽሐፍ አለኝ» አልኩ። ይህን ባልናገር ይሻለኝ ነበር፤ ሳቁ እጥፍ ሆነ።

የነፍስ አባታችን መምሬ ገሰሰ ብቻ አልሳቁም። «ተዉት እንጂ! ልጅ ነው፣ እናቱን ሊተካ ነው» ብለው ጽዋውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ። እትዬ ዙፋንም «መልካም። ደንቡ ግን ለማንም አይላላም፤ ኋላ እንዳንቀያየም» አሉ። ጽዋውን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፌ ቤቴ ገባሁ።

ምን እንደምሠራ ለማንም አልተናገርኩም። ዶሮ ወጥ ነበር ያሰብኩት። መጽሐፉ ውስጥ ረጅሙ ምዕራፍ እሱ ነው፤ የፈንቴ ወረቀትም፣ ያቺ ነፍሷ የተቀደደች ሽንኩርት፣ ከዚያው ምዕራፍ መሐል የተገነጠለች ነበረች። የተሰነጠቀ እንቁላል ከጭኑ ጎን ብቅ ሲል፣ እትዬ ዙፋን አፋቸውን ሲይዙ፣ ይህን ሁሉ ኪዮስኬ ውስጥ ተቀምጬ አየሁት። ሰው ስልኩን ሲጠይቀኝ የሌላ ሰው ስልክ እሰጥ ነበር።

ልምምዱ እንደ ሕልሙ አልነበረም።

መጽሐፉን የጻፈው ሰው ደጋ ነው የኖረው፤ በዚህ አሁንም እምላለሁ። «ሊጡን ሞቅ ባለ ሥፍራ ያሳድሩት» ይላል። በግንቦት ኮኪት ሞቅ ያላለ ሥፍራ የት ይገኛል? እንደታዘዝኩት ለድፎ ዳቦ ያቦካሁትን ሊጥ ከአልጋዬ ሥር አሳደርኩት። ጠዋት ስነሣ ሊጡ እቃው ውስጥ የለም። ወለሉን ይዞ፣ ጫማዬን አልፎ፣ ወደ በሩ እየሄደ ነበር። አንዱ ጫማዬ ውስጥም ገብቶ ተነፍቷል።

ባጃጅ ነጂው ጌች፣ አንድ ያለኝ ጓደኛ፣ ስልኩን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ምንድን ነው ይሄ? ቤቱ ወለደ እንዴ?»

«ዳቦ ነው።»

«ቁጥር ስንት? አርባ ሁለት?»

ስልኬም መምህሬ ነበር። የወጥ አሠራር ቪዲዮዎች ጫንኩበት። አንዷ ሴት በጣም ጥሩ ታስተምራለች፤ ግን ሁሉን ነገር የምትከትተው የኤሌክትሪክ መፍጫ ውስጥ ነው፤ እኛ ዘንድ መብራቱ ራሱ በእንግድነት ነው የሚመጣው። ሌላዋ ደግሞ «አሁን ጨው የምንጨምረው ልክ...» ስትል ቪዲዮው ይቆማል። አፏን ከፍታ ትቀራለች። ኔትወርክ እስኪመለስ እኔም አፌን ከፍቼ እጠብቃታለሁ።

ሦስተኛዋ መምህሬ እናቴ ናት፤ ቀዶ ሕክምናው ተራ እስኪደርሳት እየደወልኩ እጠይቃት ነበር።

«ቁሌቱ ስንት ደቂቃ ነው እማዬ?»

«ኤዲያ! ሽንኩርት ሰዓት ያያል እንዴ?»

«ታዲያ መብሰሉን በምን ላውቅ?»

«ዝም ይላል።»

«ምን?»

«መጀመሪያ ይጮኻል። ኋላ ያጉረመርማል። ዝም ሲል በስሏል።»

«በርበሬውስ ስንት ማንኪያ?»

«እስኪበቃው ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

እንዲህ ነበር ሦስቱ መምህሮቼ። መጽሐፉ ሰዓቱን ያውቃል እንጂ ሙቀቱን አያውቅም። ስልኩ ያሳያል እንጂ አይጨርስም። እናቴ ሁሉን ታውቃለች፤ ቁጥር ግን አታውቅም። ሦስቱን አንድ ላይ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ የኔ ሥራ ሆነ። ዶሮ በየቀኑ ስለማይታረድ የምለማመደው ቁሌቱን ብቻ ነበር። ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ አቁላላለሁ፣ ጆሮዬን ወደ ድስቱ አስጠግቼ አዳምጣለሁ። በርበሬ እጨምራለሁ፣ ውኃ ጠብ አደርጋለሁ፣ ደግሞ አዳምጣለሁ። ጌች በእንጀራ እየጠቀሰ ይፈርዳል።

«ይሄ አሯል።» «ይሄ ገና ጥሬ ነው፤ ነገ ሆዴ ውስጥ ይበቅላል።» «ይሄ... ቆይ እስቲ።» ደግሞ ጠቀሰ። «ይሄ የአክስቴን ወጥ ይመስላል።»

«አክስትህ ጎበዝ ናት?»

«አይደለችም። ግን ወጥ ነው።»

ቀስ በቀስ እናቴ ያለችውን ሰማሁት። ሽንኩርቱ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ዝም ይላል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ማንኪያውን ይዤ ብድግ አልኩ። ለሊጡም ቦታ አገኘሁለት፤ ውኃ የምናቀዘቅዝበት ትልቁ የሸክላ ዚር ሥር፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ። እዚያ ሲያድር በልኩ ይነሣል እንጂ አገር ለመልቀቅ አይሞክርም።

የሰኔ ዝናብ ጀመረ። ትራክተሮቹ ወደ እርሻ ወጡ። የዝክሩ ዋዜማ ዕለት ሁሉን ነገር አሰናድቼ ጨርሼ ነበር፤ ሦስት ዶሮዎች ግቢው ውስጥ በገመድ ታስረዋል፣ ቅቤው በጣሳ ተቀምጧል። እትዬ ዙፋን ከሰዓት በኋላ መሶብ ሊያውሱኝ መጡ። በሩን አልፈው ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዶሮ ናቸው፣ እትዬ ዙፋን» አልኩ፤ ምስጢሬ መውጣቱ ቢከፋኝም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። «ለነገ።»

«ለነገ ማን ሊበላቸው?»

«ማኅበርተኛው ነዋ።»

መሶቡን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ታጠቅ፣ ምን ላይ ነው ያለነው?»

«ሰኔ ላይ።»

«ጾም ላይ ነው ያለነው! የሐዋርያት ጾም! ለመምሬ ገሰሰ ዶሮ ልታቀርብላቸው ነው?»

«እሱ... የቄስ ጾም አይደል እንዴ?» አልኩ። ድምፄ እየቀጠነ ሄደ።

«ነገ የሚመጡትስ ቄስ አይደሉም? ደግሞስ እኛስ? አሥራ ሁለታችንም እንጾመዋለን። እናትህ ከመጣች ጀምራ ስትጾም አላየህም?»

አይቻለሁ። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ቤታችን ሽሮ ይበዛል። እኔ ዝናብ ሲመጣ ሽሮ የሚያምራት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ዙፋን ሳቅ ይሁን ንዴት ያልለየለት ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ሄደ። «እኔ ሠርቼ ባመጣልህ ደስታዬ ነበር። ከሌላ ቤት የወጣ ወጥ ግን የዚህ ቤት ዝክር አይባልም፤ ያንን ነጋዴ ለዚህ አስወጥተን ያንተን ብናልፍ ሰው ምን ይለናል? ነገ ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመጣለን። እስከዚያ የምታደርገውን አድርግ» ብለው ሄዱ። ከዶሮዎቹ አንዷ ከኋላቸው ጮኸች።

መጽሐፉን ገለጥኩ። መጨረሻው ላይ ማውጫ አለው። «የጾም ምግቦች፣ ከገጽ ፭ እስከ ፵፯» ይላል። የጾሙ ምዕራፍ ከዚያች ከተከደነች ድስት መስመር በቀር ለውዝ ተጠቅልሎበት ሄዷል። የሸሕዲ መንገደኛ ሁሉ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሽሮውን አኝኮ ወረቀቱን በመስኮት ጥሎታል። ለእናቴ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። የቪዲዮዋ ሴት አፏን ከፍታ ቆማለች። ሦስቱም መምህሮቼ ባንድ ቀን ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ እንደ ሽንኩርቱ በስለው አይደለም።

እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ሩፊዳ ወሰደኝ። ሩፊዳ ጦርነቱ ከካርቱም አስወጥቷት ኮኪት የገባች ናት፤ በፕላስቲክ ዳስ ውስጥ ፉልና ሻይ ትሸጣለች። ሁልጊዜ የምቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ያ ታጠቅ፣ ዛሬ ፊትህ ምን ሆነ? ስልክ ተሰረቀብህ?»

«ነገ ድግስ አለብኝ። ጾም መሆኑን ዛሬ ሰማሁ።»

«መዓሌሽ፣ አይዞህ! መጀመሪያ ብላ» ብላ ፉሉን በጠርሙስ ቂጥ ደቆሰችልኝ፤ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ከዚያ ከላይ ወርቅ የመሰለ ዘይት አንቆረቆረችበት። አንድ ጉርሻ ጎርሼ ሁለተኛውን ስጠቅስ እጄ ቆመ። ስንት ማታ እዚህ ተቀምጬ ይህንኑ በላሁ?

«ሩፊዳ፣ እዚህ ውስጥ ቅቤ አለ?»

«ቅቤ? ወላሂ ቅቤ በዓይኔ ካየሁ ቆየሁ። የሰሊጥ ዘይት ነው። የራሳችሁ ሰሊጥ፤ እናንተ ትሸጡታላችሁ፣ እኔ እበላዋለሁ።»

ከበላይዋ በክር የተሰካ የደረቀ ባሚያ ተንጠልጥሎ ነበር። እሱን ፈጭታ ወይካ የምትለውን ዱቄት የምትጨምርበትን ማሰሮ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ወጡ እንዴት ወፍሮ ከእንጀራ እንደሚጣበቅም አውቃለሁ። በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ገባኝ። አንድ ወር ሙሉ ዶሮ ወጥ የተለማመድኩ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ግን ዶሮ አልነካሁም፤ የተማርኩት ሽንኩርት ነው። ቁሌቱን እንዳለ ልያዘው፤ ቅቤው ይውጣ፣ የሰሊጥ ዘይት ይግባ። ዶሮዋ ትውጣ፣ ወይካው ይግባ።

«ወይካው የሚገባው መቼ ነው?» አልኳት።

«መጨረሻ ላይ። ግን እንደ ሽሮ እንዳትገለብጠው! ከላይ እንደ ጨው በተን በተን፣ በዚህ እየመታህ» ብላ ጫፉ ቀንድ ያለውን መምቻ እንጨቷን፣ መፍረካዋን፣ አንሥታ በሁለት መዳፏ መሐል አሽከረከረችው። «ከቸኮልክ ድንጋይ ይሆናል። እኔ መጥቼ ልሥራልህ?»

«አይሆንም፣ ደንብ አለ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ እንግዲያውስ መፍረካዬን ውሰድ። እሱ ደንብ የለበትም።»

ዘይቱን፣ የወይካ ዱቄቱን፣ ፉሉን ገዝቼ መፍረካውን በብብቴ ይዤ ተመለስኩ።

በነጋታው ምድጃውን ገና በጠዋት አቀጣጠልኩ። ጌች ሽንኩርት እንዲልጥ ተቀጠረና እያለቀሰ «ለዶሮ ብዬ ነበር የመጣሁት» ይላል። ሽንኩርቱ ጮኸ። አጉረመረመ። ጌች ሊያወራ ሲል አፉን በእጄ ያዝኩት። ዝም አለ፤ ሽንኩርቱም፣ ጌችም። በርበሬው ገባ፣ የሰሊጥ ዘይቱ ገባ፣ ቀዩ ከዳር ዳር ዘይት እያወጣ ተንተከተከ። ከሰሉን ቀነስኩና ወይካውን እየበተንኩ መፍረካውን አሽከረከርኩ። ወጡ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ከበደ፣ ከዚያ ማንኪያውን ተከትሎ እንደ ሐር ተሳበ። ለጎኑ ፉሉን በቁሌቱ አበሰልኩት። ዳቦው ከሙዝ ቅጠሉ ሲወጣ ጀርባው ለስልሶ ተነፍቶ፣ ቅጠሉ መስመሩን አትሞበት ነበር። ጌች ዳቦውን አየና «ጫማው አይሻልም ነበር?» አለ፤ ግን እያየ ምራቁን ዋጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዝናቡ እየሸሹ ገቡ። መምሬ ገሰሰ ጸልየው ዳቦውን ባረኩ፤ ቆረሱና ቀመሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወጡ ወጣ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እትዬ ዙፋን መጀመሪያ ጎረሱ። አኘኩ። አቆሙ። ደግሞ ጠቀሱ። ዙሪያውም ዝም ብሎ ይበላል፤ የሚሰማው ዝናቡና የጣት ድምፅ ብቻ ነው። ሊያልፍልኝ ነው ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

«ቆዩ!» አሉ እትዬ ዙፋን። እጆች ሁሉ መሶቡ ላይ ቀሩ። «ይሄ ወጥ ፍስክ ነው።»

«ኧረ አይደለም!» አልኩ።

«ሃምሳ ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ! የጾም ወጥ እንዲህ አይከብድም፣ እንዲህ አያበራም። እኔ ትናንት ሦስት ዶሮና አንድ ጣሳ ቅቤ እዚህ ግቢ አይቻለሁ። ዛሬ ስገባ ዶሮ የለም። የታሉ ዶሮዎቹ?»

መምሬ ገሰሰ የያዙትን ጉርሻ ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡ። አንዲት እናት አፋቸውን በነጠላ ጠረጉ። ሁሉም እኔን ያያሉ። የታየኝ የእናቴ ነጠላ ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የትም የማይሄድ።

ያን ጊዜ ከአልጋው ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የአልጋ ልብሱ ጫፍ ተነሣና ቀይዋ ዶሮ ብቅ አለች። ዝናብ እንዳይመታቸው ጠዋት ወደ ቤት ሳስገባቸው በደንብ አላሰርኳቸውም ነበር። ቀይዋ ቤቱን ቃኘች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ቀስ እያለች በማኅበርተኛው መሐል ሄዳ እትዬ ዙፋን ፊት ቆመች። ነጯ ተከተለቻት። ሦስተኛዋ ከሥሩ ሆና ጮኸች፤ ገመዱ አልጋው እግር ላይ ተጠምጥሞባት ነው።

ቀይዋ ከእትዬ ዙፋን እጅ የወደቀ የእንጀራ ፍርፋሪ ለቀመች።

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ገሰሰ ናቸው። ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ኋላ ጥምጥማቸውን መያዝ አስፈለጋቸው። «ይኸው ምስክር!» አሉ። «ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጊያለሽ ዙፋን? ዶሮዋ ራሷ መጣችልሽ!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሮጬ ያልተነካውን የቅቤ ጣሳ ከነክዳኑ፣ የሰሊጥ ዘይቱን ጠርሙስ ከነቀሪው አመጣሁ። መምሬ ዘይቱን አሸተቱ። «ሰሊጥ ነው። ይኸው ስንት ዘመን እያጨድነው አንድ ቀን ቀምሰነው አናውቅም» አሉና ያስቀመጡትን ጉርሻ አንሥተው ጎረሱ። ከዚያ በኋላ መሶቡን ማን ያቁመው።

«የሚያንሸራትተውስ ምንድን ነው?» አሉ አንድ የጎጃም አዛውንት ጣታቸውን እየላሱ። «ሳልውጠው ይወርዳል።»

«ወይካ ነው፣ አባባ።»

«ጨምርልኝ፤ እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅሁ ልብላ።»

ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ ጽዋው የሚነሣበት ሰዓት ደረሰ። የሐምሌ ተራ የእትዬ ዙፋን የራሳቸው ነበር። ጽዋውን ተቀብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና ሁልጊዜ በሚቆጡበት በዚያው ድምፅ «ወለተሥላሴ ቦታዋ ላይ ናት። ይህ ይጻፍ» አሉ። ማንም የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን ሰማ። ሊወጡ በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ሐምሌ ሚካኤል ፍስክ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እነዚህን ዶሮዎች እስከዚያ በደንብ አብላቸው። ይዘሃቸው ትመጣለህ።»

«እሽ። አመጣልዎታለሁ።»

«አምጥተህ ልትሄድ ነው እንዴ? አንተ ነህ የምታቁላላው! እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያን መጽሐፍህንም ያዘው» ብለው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ዝናቡ ወጡ።

ከእንግዶቹ የተረፈውን ወጥ በሳህን ከድኜ ከመፍረካው ጋር ለሩፊዳ አደረስኩ። ቀምሳ «ጨው አንሶታል» አለች፤ ሳህኑን ግን ባዶውን መለሰችልኝ።

ኔትወርኩ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ። እናቴ ከቀዶ ሕክምና ወጥታ፣ ባንድ ዓይኗ የእህቷን ቤት ግድግዳ ቀለም እየቆጠረች ነበር። ከመደወሌ በፊት ጎንደር ያለ አንድ ዘመድ ሁሉን ነግሯታል፤ የኮኪት ወሬ ከኔትወርክ ይፈጥናል።

«ዶሮዋ እውነት ዙፋን ፊት ቆመች?»

«ቆመች።»

ብዙ ሳቀች። ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። «ዓይኔን እንዳላሽ ተብያለሁ፤ አታስለቅሰኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አጠገቧ ያለ ሰው እንዳይሰማባት የፈራች ትመስላለች።

«ታጠቄ፣ ያ የወይካ ወጥ... ስመጣ እኔም ልሞክረው ነበር። ቁሌቱን ስንት ደቂቃ አቆየኸው?»

«ኤዲያ እማዬ!» አልኳት። «ሽንኩርት ሰዓት ያያል እንዴ?»